ብስክሌትና ቃርሚያ

ታቦተ ጽዮን በፍልስጥኤማውያን እጅ በወደቀች ጊዜ ወደ ዳጎን ቤት የገባችባት፣ ፊልጶስም በጋዛ መንገድ በሰረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ የነበረውን ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ የተገኘባት ጥንታዊቱ አዛጦን፣ ዛሬ አሽዶድ ተብላ በታላቁ ባሕር ዳርቻ የምትታይ የእስራኤል የወደብ ከተማ ናት። የአሁኗ ከተማ ከጥንቱ ፍርስራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በአሸዋ ላይ የተቈረቈረችው በ1956 ሲሆን ወደቧ ደግሞ በ1965 ተከፈተ፤ ሰፈሮቿም በዕብራይስጥ ፊደል ተራ ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት፣ ሮቫ ጊሜል እየተባሉ ይጠራሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በነዚህ ሰፈሮች ከሞሮኮና ከሩስያ ከመጡት ጎረቤቶቻቸው ጋር ግድግዳ ተጋርተው፣ በ1984 እስከ ሱዳን በእግራቸው ተጕዘው ከዚያ በአውሮፕላን፣ ወይም በግንቦት 1991 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ባነሣው የአውሮፕላን ጉዞ የገቡ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው ይኖራሉ።

ሌላው ሕዝብ ዮም ኪፑር የሚለው፣ ቤተ እስራኤል ግን ከአባቶቻቸው በወረሱት የግእዝ ስም አስተስርዮ የሚሉት የጾምና የንስሐ ቀን በገባ ጊዜ፣ ከተማዋ ባልተለመደ ጸጥታ ትዋጣለች። መኪና ሁሉ ስለሚቆም፣ በሌላው ቀን አውቶቡስና የወደብ ከባድ መኪና የሚተራመስባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች በአመዛኙ ለሕፃናትና ለብስክሌት ይለቀቃሉ፤ ታላላቆቹ በጸሎት ላይ ሳሉ ታናናሾቹ ከአንዱ ሮቫ ወደ ሌላው ሮቫ እየከነፉ ያመሻሉ። ይህን ትዕይንት ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሕፃናቱ ሁሉ እኩል የተደሰቱ ይመስሉታል፤ ቀርቦ የተመለከተ ግን አንድ ብስክሌት ለሦስት ወንድማማች የደረሰበትን ቤት ወዲያው ይለየዋል። አንደኛው ልጅ ኮርቻው ላይ፣ ሁለተኛው ከኋላው፣ ሦስተኛው ደግሞ «ተራዬ ደርሷል!» እያለ በጎን ሲሮጥ ይታያል፤ የዚያ ብስክሌት ካቴና የዛገ፣ መቀመጫውም ለታላቁ ልጅ ቁመት ተስተካክሎ የቀረ በመሆኑ፣ ተራው የደረሰው ታናሹ ቆሞ ፔዳሉን ይረግጣል እንጂ ሊቀመጥበት አይችልም።

እንዲህ ያለውን ልጅ፣ ይልቁንም ከዚህ በባሰ ችግር ውስጥ ያለውን ልጅ ለመርዳት፣ ብስክሌቱን ራሱን የምጽዋት መሰብሰቢያ ማድረግ በዓለም ላይ ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመሄድ ይመዘገባል፤ ከመሄዱም በፊት ለዘመዶቹ፣ ለጓደኞቹና ለሥራ ባልደረቦቹ ደብዳቤ ጽፎ፣ እርሱ ለሚደክምበት መንገድ እነርሱ በገንዘብ እንዲተባበሩት ይለምናል፤ የተዋጣውም ገንዘብ ጉዞውን ባዘጋጀው ማኅበር አማካይነት ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለድኻ አደግ ልጆች ማሳደጊያ ይሰጣል። አንድ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር በመጋለቡ የታመመ ሕፃን ምን ይጠቀማል፣ ገንዘቡን በቀጥታ መስጠት አይሻልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ቁልቢ የሚወጣውን ባለ ስለት፣ ወይም ስግድ በተባለው በዓሉ ቀን ድንጋይ በራሱ ላይ አድርጎ ተራራ ይወጣ የነበረውን የቤተ እስራኤል ምእመን ያስታውስ። ሰው በሥጋው ከደከመ በኋላ የሚያቀርበው ልመና ከሌላው ልመና ይልቅ ይሰማል፤ ለማኙ ከሌላው ከመጠየቁ በፊት ከራሱ ጀምሯልና።

ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያፈራ በደቡብ አፍሪካ ከታየው የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1977 በኬፕ ታውን የብስክሌት ነጂዎች መንገድ እንዲከፈትላቸው ለመጠየቅ ተሰብስበው በሰልፍ ወጡ፤ ከዚያም ሰልፍ የተወለደው ውድድር በጥቅምት 1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ የተካፈሉት 525 ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ በመጋቢት ወር በዚያው በባሕረ ገብ መሬቱ ዙሪያ 109 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚሰለፉት በአሥር ሺዎች ይቈጠራሉ፤ በ2015 በተራራው ላይ በተነሣው ሰደድ እሳት ምክንያት መንገዱ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ማጠሩ፣ በ2017 ደግሞ ከነፋስ ብርታት የተነሣ ውድድሩ ፈጽሞ መቅረቱ ልማዱን አላቆመውም። ከምዝገባው የሚተርፈው ገንዘብ ለአንድ ነጋዴ ትርፍ ሳይሆን፣ የውድድሩ ባለቤቶች ለሆኑት ለብስክሌተኞች ማኅበርና ለክሌርሞንት ሮታሪ ክበብ ገቢ ሆኖ በእነርሱ በኩል ለበጎ አድራጎት ይውላል፤ ከዚህም ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የራሳቸውን ነጂዎች አሰልፈው በየስማቸው መዋጮ ይሰበስባሉ።

ብስክሌት በዚያች አገር ለድኻ ልጅ ስለ ምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ግን፣ ነጮቹ ገዦች ከተሞቹን እንዴት አድርገው እንደ ሠሯቸው ማወቅ ያስፈልጋል። በ1950 የወጣው የመኖሪያ ቦታ ሕግ ሕዝቡን በቀለሙ ለይቶ አሰፈረው፤ በ1966 ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው የኬፕ ታውን እምብርት የነጮች ብቻ ነው ተብሎ ሲታወጅ ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ቤታቸው እየፈረሰ ከከተማው ውጭ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ ተጋዙ፤ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ካየሊቻም በ1980ዎቹ ለጥቁሮች መስፈሪያ ተብሎ ተቈረቈረ። አፓርታይድ በ1994 በሕግ ቢሞትም ርቀቱ አልሞተም። ሥራው፣ ሆስፒታሉና ጥሩው ትምህርት ቤት በአንድ ወገን፣ ድኻው በሌላ ወገን እንደ ሆኑ ቀርተዋልና፣ እናቲቱ ከምታገኘው ደመወዝ ጥቂት የማይባለውን ለታክሲ ስትከፍል፣ ልጁ ደግሞ በገጠሩ አውራጃ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በእግሩ ሲጓዝ፣ ክፍል የሚደርሰው ደክሞና አርፍዶ ነው። በዚህ ዐይነት ለተጐዳ ልጅ መንገድን የሚያሳጥር ነገር ሁሉ ትምህርትን እንደ መስጠት ይቈጠራል።

የርቀቱ ጭካኔ ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በታመመው ልጅ ላይ ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች በ1979 ያቋቋሙት ቾክ የተባለው ድርጅት ይህን ገና አስቀድሞ ተረድቶታል፤ ሕክምናው የሚገኘው በታላላቅ ከተሞች ብቻ ሆኖ ብዙ ወራት ስለሚፈጅ፣ ከሩቅ መንደር የመጣች እናት የምታድርበት ስታጣ ሕክምናውን አቋርጣ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ድርጅቱ በሆስፒታሎቹ አጠገብ እናትና ልጅ የሚያርፉባቸውን ቤቶች ይዟል። ለነዚህ ቤቶች ገንዘብ ከሚያስገኙት አንዱ፣ ከ2008 ጀምሮ ጥቁርና ነጭ ዝንጕርጕር የላም ልብስ ለብሰው በየውድድሩ የሚሰለፉት ነጂዎች ናቸው፤ በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ከሩቅ ያውቃቸዋልና፣ በዚያ ልብስ ውስጥ በሙቀት ሲያልባቸው እየተመለከተ እጁን ይዘረጋላቸዋል። በካየሊቻ ደግሞ ቬሎካያ የተባለው ማኅበር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ በመንገድ ላይ እንዳይቀሩ ብስክሌት ያስተምራቸዋል፤ በስቴለንቦሽ አጠገብ ባለው በካያማንዲ ሰፈርም ስዊዘርላንዳዊው የተራራ ብስክሌት ባለ ድል ክሪስቶፍ ዛውዘር ከሰፈሩ ተወላጅ ከሶንጎ ፊፓዛ ጋር ያቋቋመው ተመሳሳይ ሥራ አለ፤ የዚህ ሥራ ስም በማልያው ላይ የተጻፈ ቡድንም በ2011ና በ2012 ኬፕ ኤፒክ የተባለውን አስቸጋሪ ውድድር አሸንፏል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው በ2004 የተመሠረተውን ኩቤካን ነው። ይህ ድርጅት ከዓለም አቀፉ የብስክሌት ርዳታ ድርጅት ጋር ተባብሮ የሚያከፋፍለው ብስክሌት ለውድድር የሚሆን ቀላል መሣሪያ ሳይሆን፣ ጐሽ የሚል ስም የተሰጠው፣ ከብረት የተሠራ፣ ማርሽ የሌለው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም፣ ከኋላው ባለው መጫኛ እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚሸከም ከባድ ብስክሌት ነው። ልጁ ይህን ብስክሌት በችሮታ አያገኘውም። መቶ ችግኝ ከዘር አብቅሎ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪደርሱ ተንከባክቦ ያስረክባል፤ ወይም ለድጋሚ ሥራ የሚሆን ጥራጊ ሰብስቦ ያቀርባል፤ ወይም በትምህርቱ ያሻሽላል፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን እንደ ደመወዙ ይረከባል። ነጂዎቹ በየአገሩ የሚሰበስቡት ገንዘብ የብስክሌቱን ዋጋ ይከፍላል፤ ልጁ ግን የሚያውቀው ችግኙን ነው፤ «ይህ ከየት መጣልህ?» ሲሉት «ሠርቼ ነው» ብሎ ለመመለስ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

የዚህ ድርጅት ስም በዓለም የተሰማው በዚሁ ስም በተጠራው የብስክሌት ቡድን ምክንያት ነው። ኤም ቲ ኤን ኩቤካ በ2015 በአፍሪካ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቡድን ሆኖ ወደ ቱር ደ ፍራንስ ሲገባ፣ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ከአህጉሩ ጥቁር ሕዝብ ማንም ያልለበሰውን የተራራ ነጂዎች አለቃ ማልያ ለበሰ፤ ሐምሌ 18 ቀን ደግሞ፣ በኔልሰን ማንዴላ የልደት ቀን፣ የቡድኑ ነጂ ስቲቭ ከሚንግስ በማንድ ከተማ አንደኛ ወጣ። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይም ለዚህ ቡድን ከጋለበ በኋላ በ2016 በሌላ ቡድን ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ቡድኑ ደጋፊ አጥቶ በ2021 መጨረሻ ተበተነ፤ ችግኝ የሚያስተክለው ድርጅት ግን ሥራውን አላቆመም።

በኦሪት የተጻፈው የአዝመራ ሕግ ከዚህ አሠራር ጋር እጅግ ይቀራረባል። በዘሌዋውያንና በዘዳግም እንደ ተደነገገው፣ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳርቻ ሳያጭድ መተው፣ የረሳውንም ነዶ ተመልሶ አለማንሣት ይገባዋል፤ ይህም ለመጻተኛው፣ ለድኻ አደጉና ለመበለቲቱ ቃርሚያ ይሆን ዘንድ ነው። ሕጉ ባለ እርሻውን አጭደህና ወቅተህ፣ በቍና ሰፍረህ ለድኻው ስጥ አላለውም፤ ድኻው ራሱ ወደ እርሻው ገብቶ፣ እንደ ሩት ጎንበስ ብሎ እንዲለቅም፣ ማታም የለቀመውን ወቅቶ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዲገባ ፈቀደለት። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ሙሴ ወልደ ማይሞን፣ ሕዝቡ ራምባም የሚለው፣ የምጽዋትን መዓርግ በስምንት ደረጃ ሲከፍል ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው፣ ድኻውን በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ደግፎ ከልመና የሚያወጣውን ስጦታ ነው። ሊቁ በፊቱ ቅር እያለው የሚሰጠውን ከሁሉ በታች አኖረው፤ ሰጪና ተቀባይ ሳይተዋወቁ የሚደረገውን ምጽዋት ደግሞ ከላይ ሁለተኛ አደረገው። ኩቤካ ለልጁ የሰጠው ከቃርሚያው ጋር አንድ ዐይነት ነው፤ ለጋሹ የእርሻውን ዳርቻ ይተዋል፣ ልጁ ይለቅማል።

ለአሽዶድ ነዋሪ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ የፈለገ ወደ ኢየሩሳሌም ይመልከት። ሄንሪ ኬለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1932 የመሠረተው አሊን ሆስፒታል፣ ቀድሞ በፖሊዮ የሰለሉትን፣ ዛሬም በአደጋ፣ በበሽታ ወይም ከማኅፀን ጀምሮ አካላቸው የተጐዳ ሕፃናትን፣ አይሁዳዊ ዐረብ ሳይል እያስታመመ እንዲቆሙ፣ እንዲራመዱ፣ እንዲተነፍሱ ያስተምራል። ኩፓት ሖሊም የተባለው የጤና መድን የሚከፍለው ገንዘብ ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃ፣ ሆስፒታሉ ከ2000 ጀምሮ በመጸው ወራት የብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ ያዘጋጃል፤ ከብዙ አገር የመጡ ነጂዎች የተወሰነ ገንዘብ ሰብስበው ለማምጣት ቃል ገብተው ይጓዛሉ። ጉዞው የሚያልቀው በሆስፒታሉ ደጅ ነው፤ ሜዳሊያውን በነጂዎቹ አንገት የሚያጠልቁትም በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡት ሕፃናት ናቸው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው አስተዋይ ነው፤ ሰጪውን አጐንብሶ ተቀባዩን ሸላሚ አድርጎታልና።

ከአሽዶድ ወደ ሰሜን ብዙ ሳይርቅ በሆሎን ከተማ ባለው በዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው የሕፃናት ልብ አዳኝ ድርጅት ደግሞ አጀማመሩ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1995 አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ልባቸው ስለ ታመመ ሁለት ሕፃናት ርዳታ ሲለምን፣ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ አሚ ኮሄን እሺ ብሎ ተቀበላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ፣ ከፍልስጤም ግዛትና ከሌሎችም አገሮች የመጡ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት በዚያ ታክመዋል፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በዚያ ሠልጥነዋል። ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር ስለ ሆነ እዚህ ላይ ልበለው፦ ከነዚህ ሕፃናት የአያሌዎቹ በሽታ የጀመረው ሳይታከም ከቀረ የጕሮሮ ሕመም ነው፤ እርሱ ወደ ቍርጥማት ትኵሳት ተለውጦ የልብን በር ያበላሻል፤ በጊዜው የተወሰደ ፔኒሲሊን ሊያስቀረው ይችል ነበር። ሐኪሙ ኮሄን በ2001 ኪሊማንጃሮን ሲወጣ ሞተ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። በሆስፒታሉ ግቢ ለሕፃናት ለተሠራው አዲስ ሕንፃ ታላቅ ስጦታ ያደረገውም ሲልቫን አዳምስ፣ በ2018 የኢጣሊያ የብስክሌት ዙር ከኢየሩሳሌም እንዲጀመር ያደረገው፣ ራሱም ብስክሌት ነጂ የሆነ ባለጸጋ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ ሁሉ ግን ያለ ነቀፋ አይደለም፤ ነቀፋውንም መሸሸግ ጉዞውን መጕዳት ነው። ለነጂዎቹ ሆቴል፣ ለማልያቸው፣ ለምግባቸውና ለአጃቢ መኪና ከወጣው በኋላ ለሕፃኑ የተረፈው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ የለጋሹ መብት ነው፤ ሒሳቡን ለማሳየት የሚያመነታ ማኅበር ሁለተኛ ሊዋጣለት አይገባም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የፎቶግራፉ ነገር ነው። ገንዘብ እንዲዋጣ የልጅን እንባና እራፊ ልብስ በየወረቀቱ ማተም ለአንድ ቀን ቍጥሩን ከፍ ያደርገው ይሆናል፤ ያ ልጅ ግን አድጎ ሥራ ሊቀጠር፣ ሚስት ሊያገባ፣ ሰው ፊት ሊቆም ነው። በእስራኤል ዛሬ ከ160,000 በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ የተነሡት ፎቶግራፎች፣ ከዚያ ወዲህ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የጦር መኰንንና የምክር ቤት አባል የሆኑትን ልጆች እንኳ እየተከተሉ፣ ማኅበረ ሰቡን ሁልጊዜ ርዳታ ተቀባይ እንጂ የሚረዳዳ አስመስለው አላሳዩትም። ይህ ሲታሰበኝ ያሳዝነኛል። በእቁብና በዕድር፣ በደቦና በማኅበር ሲረዳዳ የኖረ ሕዝብ ሰጪነቱ እንዴት ተረሳ?

ስለዚህ አንድ አሳብ ለአሽዶድ ወጣቶች አቀርባለሁ። ስግድ ከአስተስርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይውላል፤ በ2008 በክኔሴት፣ በአገሪቱ ምክር ቤት፣ የአገሪቱ በዓል ሆኖ ታውጇል፤ ሕዝቡም ከየከተማው በአውቶቡስ እየተጫነ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሀናጺቭ ኮረብታ ይሰበሰባል፤ ቄሶቹም በጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግእዝ ያነባሉ። በዓሉ ጾም ስለ ሆነ በዕለቱ መጋለብ አይገባም፤ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ግን ከአሽዶድ ባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ዳዊት ጎልያድን በገደለበት በኤላ ሸለቆ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት ይቻላል። መንገዱ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ስምንት መቶ ሜትር ስለሚወጣ መጨረሻው ያስለፋል፤ ሲያስለፋም ይሻላል፤ የጥንቱ የስግድ ተጓዥም ተራራ ነበር የሚወጣው። ኬፕ ታውን በ525 ሰው ከጀመረች አሽዶድ በሠላሳ ሰው ብትጀምር አያንስባትም።

ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለሮቫው ልጆች ብስክሌትና የራስ መከላከያ ቆብ ይግዛ፤ ሕጉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ቆብ እንዳይነዳ ያዛልና። ልጁም በነጻ አይቀበል፤ ለታናናሾቹ የቤት ሥራ አስጠንቶ፣ ዕብራይስጥ ለማይችሉ አያቶች ከኩፓት ሖሊም የመጣላቸውን ደብዳቤ አንብቦና ቀጠሮ ይዞላቸው፣ ይህንኑ የሚመሰክር ወረቀት ይዞ መጥቶ ይረከብ። ካቴና የሚጠግን፣ ጎማ የሚለጥፍ አንድ ወጣት ከሰፈሩ ተመርጦ ይሠልጥን፤ የሚጠግነው ያጣ ብስክሌት በስድስት ወር በረንዳ ላይ ቆሞ ይዝጋልና። ገንዘቡን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌዎችና እናቶች ይሁኑ፤ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ብስክሌት ተገዛ የሚለው ሒሳብ በዕብራይስጥ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ተጽፎ፣ የማንም ልጅ ፎቶግራፍ ሳይኖርበት፣ በምኩራቡ በር ላይ ይለጠፍ።